«ማረጋጊያ» የተባለው ዱቄት

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ተራ በተራ ራሳችንን ባስተዋወቅንበት ቀን፣ ሌሎቹ የመጡበትን ከተማና የተማሩበትን ትምህርት ቤት ሲናገሩ እኔ «የዋና ገንዳ ውሃ ጠባቂ ነበርኩ፤ ገንዳው ስለሌለ ጡረታ ወጥቻለሁ» አልኩ። ለቀልድ አልነበረም፤ ሌላ ቃል አጥቼለት ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ ወንበር አንዱ «እማማ፣ አበሉ ደህና ነው?» ብሎ ጮኸ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የኬሚስትሪ መምህራችን ግን ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው «ገንዳው ምን ሆነ?» ሲሉ ጠየቁኝ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ልመልስላቸው ሞክሬ አቃተኝ። «እንግዲያው ጻፊው» አሉኝ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። የጨረስኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ እሱም መጨረሻ ላይ ይታያል።

ሥራ የጀመርኩት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳላልፍ በቀረሁበት ዓመት፣ አሪቻ በሚገኝ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው። አክስቴ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ከሚለቅሙት ሴቶች አንዷ ነበረችና ከአጠገቧ አስቀመጠችኝ። እጄ ቡናው ላይ ይሁን እንጂ ዓይኔ ሁልጊዜ ወደ ውሃው ነበር የሚሄደው። ውሃውን የሚያዙት ጋሽ ጅግሶ ነበሩ።

ጋሽ ጅግሶ የጌዴኦ ሰው ናቸው፤ አማርኛን የተማሩት በሥራ ላይ ነው። ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላሉ። እኔንም «አንተ ቤቴል፣ ና!» ብለው ነበር የሚጠሩኝ። ውሃን ግን ሁልጊዜ «እሷ» ይሏታል። «እሷ ዛሬ ተቆጥታለች» ካሉ ወንዙ ደፍርሶ መጥቷል ማለት ነው። ቡናው በገንዳ ውስጥ ተብላልቶ መድረሱን በሰዓት አይለኩም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ አስገብተው አንድ ጭብጥ ፍሬ ያሹታል፤ የሚያዳልጠው ልጋግ ለቆ ፍሬው እንደ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ብቻ «በቃ፣ እጠቡ» ይላሉ። እጃቸው ውሃ ውስጥ ሳለ አይናገሩም። ማንም ይጥራቸው፣ መልስ የለም። እኔ ዝም ማለትን ከእሳቸው ነው የተማርኩት።

ሁለተኛው ልማዳቸው ሲኒ ነበር። አፏ የተሸረፈ ነጭ ሲኒ በሲባጎ መረብ አስረው ይዘዋል። ወንዙ ደፍርሶ ሲመጣ ውሃው መጀመሪያ ወደ አንድ ሰፊ ጉድጓድ ይገባና ይቆማል፤ ጭቃው ወደ ታች ይረጋል፣ የጠራው ከላይ ይወሰዳል። ያንን ጉድጓድ እኛ ጣቢያ «ማረጋጊያ» እንለው ነበር። ጋሽ ጅግሶ ሲኒዋን ወደ ማረጋጊያው ታች ያወርዷታል። ነጯ ከታየች ውሃው ቡና ላይ ይለቀቃል፤ ካልታየች ይጠበቃል። አንድ ጠዋት ኃላፊው ትዕግሥታቸው አልቆ መጡ።

«እርሶ ሰውዬ፣ የሰው ቡና እየሸተተ እርሶ ሲኒ ያጠምቃሉ?»

«ልክ ነው ጌታዬ» አሉ ጋሽ ጅግሶ ቀና ሳይሉ። «እሷ ክርስትና ትነሣና እንለቃለን።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ኃላፊውም ጭምር።

ጣቢያው ሲዘጋ ሁላችንም ተበተንን። እኔ ገደብ ከተማ ሄጄ መናኸሪያው አጠገብ ባለ ፔንሲዮን አልጋ አነጥፍ ጀመር። አሠሪዬ ያነጠፍኩትን አንሶላ ሁሉ ጎንበስ ብለው ያሸቱ ነበር፤ ደህና ሴት ነበሩ፣ ደመወዙ ግን ደህና አልነበረም። ለፈተናው እንደገና ተመዝግቤ ከሥራ በኋላ እያነበብኩ ሳለ ጋሽ ጅግሶ ደወሉ።

«አንተ ቤቴል፣ ና። ዲላ ላይ ትልቅ ገንዳ አግኝቻለሁ። ቡና የለባትም። ሰው ነው የሚታጠበው።»

ገንዳው ተዳፋት ላይ ከተሠራ አንድ አዲስ ሆቴል ግቢ ውስጥ ነበር። ባለቤቱን አቶ ከማል እላቸዋለሁ። በሱቅ ያደጉ፣ ሱቃቸውን ሸጠው ሆቴል የሠሩ፣ ከሠራተኛ ጋር መቀለድ የሚወዱ ሰው ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ይዋኛሉ፣ ሠርገኞች ገንዳው ዳር ፎቶ ይነሳሉ ብለው ተስፋ ያደረጉት በዚያ ውሃ ላይ ነበር። ለጋሽ ጅግሶ ደግሞ ከፓምፑ ክፍል ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል ሰጧቸው። ባለቤታቸው እትዬ ወርቄ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዳገት መውጣት አይችሉም፤ ለዚያች ክፍል ቧንቧው ደጇ ላይ ነበር፣ ወለሏም ደልዳላ ነው። ጋሽ ጅግሶ መሬት የላቸውም። ገንዳው ካለ ክፍሏ አለች፤ ገንዳው ከሌለ ክፍሏም የለችም። ይህን ማንም አልተናገረውም፤ ሁላችንም ግን እናውቀው ነበር።

የመጀመሪያው ችግራችን ክሎሪኑ መጥፋቱ ነበር። ጠዋት እንጨምራለን፤ በመስታወት ቱቦ ውሃ ቀድተን የመለኪያውን ጠብታ ስናደርግበት ደህና ቢጫ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ስንለካ ቱቦው ውስጥ ያለው ዝም ብሎ ውሃ ነው።

«ጋሽ ጅግሶ፣ ይጠጡታል እንዴ?» አሉ አቶ ከማል።

«እኔ አልጠጣሁም። እሷ ናት የምትጠጣው።»

አቶ ከማል ገንዳውን ለሠራው ቴክኒሻን ሐዋሳ ደውለው ድምፁን ለሁላችንም ከፈቱት። ቴክኒሻኑ መኪና ውስጥ ነበር፤ ድምፁ ይቆራረጣል።

«ፀሐይ ነው የሚበላው» አለ። «ከቤት ውጭ ያለ ገንዳ ማረጋጊያ ያስፈልገዋል። ለብቻው የሚመጣ ዱቄት አለ። ካልሆነ ደግሞ ትልልቁን የክሎሪን እንክብል ተጠቀሙ።»

«የቱ ይሻላል?»

«ሁለቱም ጥሩ ነው» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

እሱ ከሁለቱ አንዱን መርጣችሁ ተጠቀሙ ማለቱ ነበር። አቶ ከማል የሰሙት ሁለቱንም ግዙ ሲል ነው። እኔም፣ ጋሽ ጅግሶም የሰማነው እንደዚያው ነው። ዛሬ የቃላቱን አገባብ ደጋግሜ ሳስበው በእሱ አልፈርድም፤ በእኛም አልፈርድም። ዓረፍተ ነገሩ ለሁለቱም ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር መጣልን። አንዱ መጀመሪያም የነበረን ቶሎ የሚሟሟው የክሎሪን ጥራጥሬ ነው። ሁለተኛው መዳፍ የሚሞላው እንክብል ነው፤ በሚንሳፈፍ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ቀስ እያለ ይሟሟል። ሦስተኛው ነጭ ዱቄት ነው፤ በባልዲው ላይ ሻጩ በወፍራም ማርከር «ማረጋጊያ» ብሎ ጽፎበታል። እንክብሉ ውስጥ ያው ዱቄት አብሮ ተቀላቅሎ እንዳለ በባልዲው ላይ የጻፈልን አልነበረም። የእንክብሉ ማሸጊያ ይናገር እንደሆነ አላውቅም፤ ጽሑፉን የምናነበው ቋንቋ አልነበረም።

ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም። ዝም ብለው ቢበትኑት ወለሉ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ካልሲ ውስጥ ተደርጎ ከፓምፑ የሚመለሰው ውሃ በሚገፋበት አፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ አልፎ አልፎ ይጨመቃል። ቴክኒሻኑ ይህንን በመልእክት ጽፎልን ነበር።

«የማን ካልሲ?» አሉ ጋሽ ጅግሶ።

«የእርሶ ካልሲ ከሆነ ውሃው ራሱ ሸሽቶ ይወጣል» አሉ አቶ ከማል፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ፈቱና የራሳቸውን አወለቁ። አዲስ፣ ጥቁር ካልሲ ነበር። የቀረውን ቀን ጫማቸውን ያለ ካልሲ አድርገው ዋሉ።

ሠራ። ጠዋት የጨመርነው ክሎሪን ማታ ድረስ ቆየ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት የሥራ ዘመኔ ጥሩዎቹ ናቸው። ጋሽ ጅግሶ በየጠዋቱ ሲኒዋን ገንዳው ጥልቅ በሆነበት በኩል ያወርዷታል፤ ከታች ነጯ ካልታየች በሩ አይከፈትም። አቶ ከማልም ደጅ ላይ ተማሪዎች እየጠበቁ እንኳ «ሲኒው ምን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ እንጂ አይከራከሩም። ከሰዓት በኋላ እትዬ ወርቄ ክፍላቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሚዋኙትን ያያሉ። «ሰው እንደ ዓሣ ሲሆን ማየት ደስ ይላል» ይሉ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ለፈተና ወደ ሌላ ከተማ ሄድኩ። ተፈታኞች ግቢ ውስጥ ስለምንቆይ ስልክ አልነበረንም። ስመለስ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ወደ ገንዳው ሄድኩ። ውሃው አጓት መስሏል። በሩ ተዘግቷል። ጋሽ ጅግሶ ዳሩ ላይ ተንበርክከው እጃቸው ውሃው ውስጥ ነበር። ዝም ብዬ ጠበቅሁ። እጃቸውን ሲያወጡ ቱቦውን አነሱ።

«እየው፣ ክሎሪኗ አለች» አሉ። እውነት ነው፤ ቢጫ ነበር። «ክሎሪን ካለ እሷ ንጹሕ ናት። ግን ደፈረሰች። ዝናቡ ጭቃ አስገባ። ማረጋጊያ ጨመርኩ፤ አልረጋችም። ደግሞ ጨመርኩ።»

ወደ ባልዲው ሄጄ ክዳኑን አነሳሁ። ባዶ ነበር።

«ጋሽ ጅግሶ፣ ይህ ዱቄት ምንድን ነው የሚያረጋጋው?»

ቀልድ የያዝኩ መስሏቸው ፈገግ አሉ። «ውሃ ነዋ! ምን ሊያረጋጋ ኖሯል? አሪቻ ማረጋጊያው ምን ያደርግ ነበር?»

እንዲያርፉ ነግሬያቸው በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። በእንግሊዝኛ ስለነበር ቀስ እያልኩ ነው የገባኝ። ዱቄቱ የሚያረጋጋው ክሎሪኑን እንጂ ውሃውን አይደለም። ትንሽ ሲሆን ክሎሪኑን ከፀሐይ ያድነዋል። ሲበዛ ደግሞ ክሎሪኑን ይይዘዋል፤ መለኪያው ላይ አለ ይላል፣ ውሃው ውስጥ ግን ሥራ አይሠራም። የእኛ መለኪያ የክሎሪኑን መኖር እንጂ መሥራቱን አይነግርም። ዱቄቱን የሚለካው ጠብታ ሌላ ነው፤ እሱ ደግሞ አልነበረንም። ውሃው የደፈረሰው በጭቃ ብቻ ሳይሆን ክሎሪኑ መግደል ያቆመው ነገር በቅሎበት ነው። ጋሽ ጅግሶ ውሃው በደፈረሰ ቁጥር ዱቄት ይጨምራሉ፤ ዱቄት በጨመሩ ቁጥር ውሃው ይብሳል። እያንዳንዱ እርምጃቸው ለሚያውቁት ሥራ ትክክል ነበር።

ለአቶ ከማል ስናስረዳቸው ሰምተው «መድኃኒቱስ?» አሉ።

«የሚያወጣው ኬሚካል የለም» አልኳቸው። «ውሃውን ደፍቶ በአዲስ መሙላት ነው።»

«ግማሹን ብንደፋስ?»

«ይህን ያህል ከገባበት ግማሹ አይበቃም ይላል።»

ጋሽ ጅግሶ መሬት መሬት እያዩ «ይደፋ» አሉ። «እኔ ነኝ የሞላኋት፤ እኔ ባዶ አደርጋታለሁ።»

አቶ ከማል ገንዳውን ለአዲስ ዓመት እንግዳ ማድረስ ነበረባቸው። ተስማማን። ቴክኒሻኑን ደጋግመን ደወልንለት፤ አልተገኘም። ፓምፑ ውሃውን ወደ ታችኛው ቦይ ሲገፋ ዋለ፣ አደረ። በማግሥቱ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ። ወለሉ ታየ። ጋሽ ጅግሶ ሱሪያቸውን ሰብስበው ወርደው በመጥረጊያ መጥረግ ጀመሩ፤ እኔ ከላይ ውሃ እለቅላቸዋለሁ። እትዬ ወርቄ ከደጃፋቸው ሆነው «ንጣፉ እንዴት ያምራል!» እያሉ ነበር።

መጀመሪያ የሰማነው ሸንኮራ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ጋሽ ጅግሶ መጥረጊያውን ይዘው ቆሙ። ከእግራቸው አጠገብ ሰማያዊው ንጣፍ እንደ ሊጥ ወደ ላይ ሲነሳ አየሁ። «ይውጡ!» ብዬ ጮህኩ። ወጡ። የገንዳው ሆድ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ነበር።

በኋላ እንደተነገረን፣ በክረምት ተዳፋቱ ውስጥ ያለው ውሃ ሞልቶ ከሥር ወደ ላይ ይገፋል። ገንዳው ሲሞላ ክብደቱ ያንን ይዞት ነበር። ባዶ ስናደርገው የሚይዘው ጠፋ። ያነበብኩት መድኃኒት ስሕተት አልነበረበትም። የኛን ተዳፋትና የኛን ክረምት ግን አያውቅም።

ከስንጥቁ ውሃ መውጣት ጀመረ። ከተራራው ውስጥ የሚመጣ ውሃ ነው፤ ገንዳው ከተሠራ ጀምሮ እንደዚያ የጠራ ውሃ አይቼበት አላውቅም። ጥልቁ በኩል እየተጠራቀመ መጣ። ጋሽ ጅግሶ ወደ ፓምፑ ክፍል ገብተው ሲኒዋን ይዘው ተመለሱ። ሲባጎውን ለቀቁት። ጎንበስ ብለው አዩ።

«ታየች» አሉ።

አቶ ከማል መጥተው ገንዳው ዳር ተቀመጡ፤ በጫማቸው እግራቸውን ወደ ባዶው አንጠለጠሉ። አልጮኹም። እንዲጮኹ ጠብቄ ነበር። ለረጅም ጊዜ ስንጥቁን ካዩ በኋላ «ጋሽ ጅግሶ፣ እኔ ምን አደረግኩዎት?» አሉ። ጋሽ ጅግሶ አልመለሱም። እጃቸው ውሃ ውስጥ አልነበረም፤ ግን አልመለሱም።

ሆቴሉ ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ ሰው እጅ ዞረ። አዲሱ ባለቤት ክፍሏን ለዕቃ ማስቀመጫ ፈለጓት። ጋሽ ጅግሶና እትዬ ወርቄ ባንኮ ጎቲቲ ወደሚኖሩት ታናሽ ወንድማቸው ቤት የሄዱት የፈተና ውጤቴ በወጣበት ሰሞን ነው። ዕቃውን ስንጭን ማለፌን ነገርኳቸው። ትከሻዬን ይዘው «አንተ ተማር» አሉኝ። «እኔ ውሃ አላውቅም።» ይህን ያሉት ዕድሜያቸውን ሙሉ ከውሃ ጋር የኖሩት ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ወንድማቸው ደጋግመው የነገሩኝም ይኸው ነው። በአቅራቢያቸው ያለ ማጠቢያ ጣቢያ በወቅቱ ሊቀጥራቸው ፈልጎ ልኮባቸው ነበር፤ «ውሃ አላውቅም» ብለው መለሱት።

ገንዳው አሁንም አለ። ወደ ዩኒቨርሲቲው ስሄድ በታክሲው መስኮት አጥሩ ይታየኛል። አንድ ቀን ወርጄ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። አረንጓዴ ሆኗል፤ እንቁራሪት ገብቶበታል። ዝም ብሎ ቆሟል። ውሃው በመጨረሻ ረግቷል።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት መምህራችን ይህንኑ ዱቄት በሰሌዳ ላይ ሥለው እንዴት እንደሚሠራ አስረዱን። ከዚያ «ኬሚስትሪ ለማያውቅ የጌዴኦ ገበሬ ይህንን በአንድ ቃል ንገሩት» ብለው የቤት ሥራ ሰጡን። ብዙ ልጆች «ማረጋጊያ» ብለው ጻፉ። እኔ አልቻልኩም። በታክሲ ስመላለስ በመንገዱ ዳርና ዳር ያለውን ቡና እያየሁ አሰብኩ። ቡናው ሁሉ በዋንዛና በብርብራ ሥር ነው። ፀሐይ እንዳያቃጥለው ይሸፈናል። ሽፋኑ ሲበዛ ግን የዛፉ ቅርንጫፍ ይቆረጥለታል፤ ካልተቆረጠ ቡናው ቅጠል ብቻ ይሆናል። ወረቀቴ ላይ «ጥላ» ብዬ ጻፍኩ።

መምህራችን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አነበቡት። «ይህንን ቃል ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። የመጀመሪያ ሐሳቤ ለጋሽ ጅግሶ ልንገራቸው የሚል ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ባንኮ ጎቲቲ ሄድኩ።

ወንድማቸው ቤት ፊት ለፊት፣ ዋንዛ ሥር፣ ግንድ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከስተዋል። እትዬ ወርቄ ውስጥ ተኝተው ነበር፤ ቤቱ ዳገት ላይ ስለሆነ ከመጡ ወዲህ ብዙም ከግቢ አልወጡም። ሰላም ከተባባልን በኋላ፣ ለፈተና እንደሚመልስ ሰው ቸኩዬ ነገርኳቸው።

«ጋሽ ጅግሶ፣ ስሙ ነው ያሳሳተን። ያ ዱቄት ውሃ አያረጋጋም። ለክሎሪኑ ጥላ ነው። ፀሐይ እንዳያቃጥለው ይሸፍነዋል።»

ቀና ብለው ዋንዛውን አዩ። ከዚያ እኔን።

«ጥላ?»

«አዎ።»

«ጥላዋ ሲበዛስ?»

«ክሎሪኑ አለ፤ ግን አይሠራም።»

«ቅጠሉ ያምራል፣ ፍሬ የለም» አሉ በራሳቸው።

«ልክ ነው! እሱ ነው!» አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ይህን ሕፃን ያውቃል» አሉ። «አባቴ ጥላ ላቃልል ዛፍ ላይ ያወጣኝ የወተት ጥርሴን ሳልነቅል ነው።» ከእግራቸው ሥር የወደቀ የዋንዛ ቅጠል አነሱ። «አንተ ቤቴል፣ እኔ እስካሁን የማላውቃት ነገር ናት የጣለችኝ እያልኩ ነበር ተጽናንቼ የምተኛው።»

ተነሥተው በዝግታ ወደ ቡናው ውስጥ ገቡ፤ ጀርባቸው በቅጠሉ መካከል እስኪጠፋ አየሁ። ተጣርቼ ልመልሳቸው አልደፈርኩም።

እትዬ ወርቄ ከውስጥ ድምፁን ሰምተው ኖሮ ግድግዳውን ተደግፈው እስከ በሩ መጡ። ግንዱ ባዶ መሆኑን አዩ።

«ቤቴል፣ ምን ነገርሽው?» አሉኝ።

«አንድ ቃል ብቻ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።